ሳሉ ከኪኒኑ ቢሆንስ? የቤተሰብ ሐኪም ለአንባቢያን ጥያቄ ይመልሳል

እንደምን ከረማችሁ? ደሴ ላይ ተመላላሽ ታካሚ የማይ የቤተሰብ ሐኪም ነኝ። ደብዳቤዎቻችሁ በአብዛኛው «ምን ልውሰድ?» ብለው ያልቃሉ። እኔ ደግሞ መልሴን የምጀምረው «እስካሁን ምን ወሰዱ?» ብዬ ነው። ክፍሌ የሚገባ ሰው ሁሉ የኪኒን ፌስታሉን ይዞ እንዲመጣ የምለምነው ለዚሁ ነው። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉም ከወሎ የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ዕድሜዬ 58 ነው፤ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ሳል ያዘኝና ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ጨረስኩ፣ ራጅ ተነሳሁ፣ አክታም ሰጠሁ፤ ምንም የለም ተባልኩ። አሁን ደግሞ አለርጂ ነው ብለው ሌላ ኪኒን ጨመሩልኝ። ዝንጅብል በማሩም፣ ዳማከሴውም አልሆነም። ለጉልበቴ ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝቼ እወስዳለሁ። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ እትዬ፣ መልሱን እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፦ «ከዚያ ወዲህ» ብለዋል። ኢናላፕሪልና ዘመዶቹ፣ ካፕቶፕሪልና ሊሲኖፕሪል፣ ከሚወስዷቸው 100 ሰዎች ከ5 እስከ 20 የሚሆኑትን ደረቅ ሳል ያስይዛሉ። ሴቶች ላይ ይበዛል። መድኃኒቱ ብራዲካይኒን የሚባል ንጥረ ነገር ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል፤ እሱ ሲጠራቀም ጉሮሮን ይኮረኩራል። አክታ የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ጋደም ሲሉ ይብሳል። ኪኒኑ በተጀመረ በሳምንት ሊመጣ ይችላል፤ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ሰው ከኪኒኑ ጋር የማያያይዘውም በዚህ ምክንያት ነው። አንቲባዮቲኩ ምንም አላደረገልዎትም፤ የሚገድለው ተህዋሲ የለማ።

ሆኖም ዛሬ ማታ ኪኒኑን ጥለው እንዳይተኙ። ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። ወደሚከታተሉበት ቦታ ይሂዱና ወደ አምሎዲፒን ወይም ወደ ሎሳርታን እንዲቀይሩልዎ ይጠይቁ። አምሎዲፒን ከሆነ ቁርጭምጭሚትዎ ሊያብጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ኩላሊቴ አለቀ» ብለው እንዳይደነግጡ፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነውና ሄደው ይንገሯቸው። ሳሉ ኢናላፕሪሉ በቆመ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይተዋል፤ አልፎ አልፎ እስከ 3 ወር ይጎተታል። በአራተኛው ቀን «አልተሻለኝም» ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ካበጠ ግን ቀጠሮ የለም፤ ኪኒኑን አቁመው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

አክታ ያዘዘልዎ ባለሙያ ልክ ነው። ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል ያለው ሰው፣ ምክንያቱ የታወቀ ቢመስልም፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሳያደርግ መቅረት የለበትም። እርስዎ እሱን አልፈዋል፤ የቀረው የኪኒን ለውጥ ነው።

አሁን ወደ ጉልበትዎ ልምጣ፤ ከሳሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ እሱ ነው። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ግፊት ያወጣሉ፣ የግፊቱንም ኪኒን ያደክማሉ። ከኢናላፕሪል ጋር፣ በዚያ ላይ ሽንት የሚያሸናው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከተጨመረ፣ ኩላሊት ላይ ሦስት ሆነው ይዘምታሉ። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዛችሁ ቀን ደግሞ ይብሳል። ለጉልበት በመጀመሪያ ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ ካስፈለገ በቀን እስከ 3 ጊዜ፤ በሚቀባ የዳይክሎፌናክ ጄል ማገዝ ይቻላል። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ቀጥ አድርገው ዘርግተው አምስት እስኪቆጥሩ ይያዙ፣ ያውርዱ፤ በእያንዳንዱ እግር አሥር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ከጭኑ ፊት ያለው ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ሸክሙ ይቀልለታል። ይህን በነጻ ስለምሰጥ ነው መሰለኝ ማንም አያምነኝም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ኢናላፕሪልም ሎሳርታንም ለነፍሰ ጡር ክልክል ናቸው። ምራትዎ ወይም ልጅዎ «እኔም ግፊት አለብኝ» ብላ ከእርስዎ ብልቃጥ እንዳትወስድ።

ጥያቄ፦ «ከቃሉ ወረዳ የምጽፍልዎ ጤና መኮንን ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም። ራሱን ያመመው ሁሉ "ታይፎይድና ታይፈስ እዘዝልኝ" ይላል። ካላዘዝኩ ወደ ግል ክሊኒክ ሄዶ "ሁለቱም ተገኘብኝ" ብሎ ወረቀቱን ያሳየኛል። ወረቀቱን ላምን ወይስ ሰውየውን?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየውን እመን። ለታይፎይድ የሚታዘዘው የደም ምርመራ፣ ዊዳል፣ የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በአንድ ወቅት ያዘጋጀውን የመከላከያ ንጥረ ነገር ነው። ያ ንጥረ ነገር ካለፈው ዓመት ሕመም የተረፈ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ተህዋሲ፣ ከወባም ጭምር፣ ተመሳስሎ ሊታይ ይችላል። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር አንድ ጊዜ ተወስዶ የወጣ የዊዳል ውጤት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ በአራት እጥፍ ከጨመረ ትርጉም አለው፤ ግን ለሁለተኛው ተመልሶ የሚመጣ በሽተኛ አይተህ ታውቃለህ? ለታይፈስ የሚሠራው ዌይል ፊሊክስም ከዊዳል የተሻለ አይደለም። ለታይፎይድ የሚታመነው የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከደሙ አሳድጎ የሚያሳየው ምርመራ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር።

ታዲያ ካልቸር በሌለበት ምን ይደረጋል? መጀመሪያ መንገዱን ጠይቅ። ደሴ የሚኖር ሰው «እኛ ዘንድ ወባ የለም» ይልሃል፤ ባለፉት ሦስት ሳምንታት የት አደርክ ብትለው ሐርቡ ዘመድ ለቅሶ ደርሶ፣ ወይም ባቲ ለንግድ ወርዶ ሁለት ሌሊት አድሯል። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ500 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ከ2,000 ሜትር በታች ደግሞ የወባ ትንኝ አገሯ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ከዚያም ሚያዝያና ግንቦት ላይ ትኩሳት ያለው ሰው ሲመጣ ወባን ሳላይ አልሸኝም። ፈጣኑን ምርመራ ብቻ ሳይሆን የደም ፊልሙንም፣ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን፣ እዘዝ፤ የላብራቶሪ ባለሙያው ዓይኑ ከሠራ በዚያው ስላይድ ላይ የግርሻን፣ በቅማል የሚተላለፈውንና እየተመላለሰ የሚያገረሸውን ትኩሳት፣ ተህዋሲም ያያል። አንድ ጠብታ ደም ሁለት ጥያቄ ይመልሳል። ግርሻን ስትጠረጥር ልብሱንና ፀጉሩን ለቅማል እይ፤ የት እንደሚያድር፣ ከስንት ሰው ጋር እንደሚተኛ ጠይቅ። ከተገኘም የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥተህ ወዲያው ወደ ቤት አትስደደው፤ ተህዋሲው ሲሞት ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና የግፊት መውረድ ስለሚከተል ለጥቂት ሰዓታት አልጋ ላይ ይቆይልህ።

ፋልሲፓረም ወባ ከሆነ ኮአርተም ለአዋቂ 4 ፍሬ በአንዴ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ3 ቀን ነው፤ ሁለተኛው ዶዝ ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ። መድኃኒቱ ያለ ቅባት ደም ውስጥ በደንብ አይገባም። ጾመኛ ከሆነ ዘይት የበዛበት ወጥ ወይም ለውዝ ይብላበት በለው። ይህን የማይነግር ፋርማሲ ብዙ ነው።

ወባና ግርሻ ካልተገኙ ጆሮውን፣ ጉሮሮውን፣ ደረቱን እይ፣ ሽንቱን አስመርምር። የእውነተኛው ታይፎይድ ትኩሳት በየቀኑ ደረጃ እየወጣ ይሄዳል፤ ሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት ወይም ተቅማጥ፣ ድብታ አለው፤ ሳምንት ያልፈዋል። ዛሬ ጠዋት ራሱን ያመመው፣ በእግሩ መጥቶ ወረፋ ላይ የሚከራከርህ ሰው ታይፎይድ የለበትም ብለህ ብትጀምር ብዙ አትሳሳትም። ለታመመ ለሚመስለው፣ ትኩሳቱ ለቀናት ለቆየውና ምንጩ ላልታወቀው ግን ወረቀት ሳትጠብቅ ሕክምና ጀምር፤ ሆዱ ሲነካ እንደ እንጨት ከጠነከረ ወይም ሰገራው ደም ከተቀላቀለበት ሪፈር ጻፍ፣ አንጀት ሊበሳ ይችላልና።

የቀረው የሰውየው ልብ ነው። ባዶ እጁን መውጣት አይወድም። እኔ «ምን ፈርተው ነው የመጡት?» እላለሁ። ጎረቤቱ በትኩሳት የሞተበት ይኖራል፣ ነገ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ይኖራል። ፍርሃቱን ከነገረህ በኋላ ካርዱ ላይ «ከነገ ወዲያ ተመለስ፤ ካስመለሰህ፣ ካዞረህ ወይም ትኩሳቱ ከባሰ ዛሬውኑ ተመለስ» ብለህ ጽፈህ ስጠው። ስሙ ያለበት ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ከዊዳሉም ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ «የፒያሳ ነጋዴ ነኝ፣ ዕድሜዬ 44። ጤና ጣቢያ ስለካ 162 በ98፣ ቤት በእህቴ ልጅ መለኪያ 131 በ82። የትኛው ነው ውሸታሙ?»

መልስ፦ ምናልባት ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ የተለኩበት ሁኔታ ነው የተለያየው። የደሴን ብርድ እናውቀዋለን፤ ሰው ጃኬትና ሹራብ ደርቦ ይመጣል፣ ወረፋው ስለረዘመ እጅጌው ተጠቅልሎ ክንዱ እንደታነቀ ወይም በልብሱ ላይ ይለካል። ዳገቱን ወጥቶ ትንፋሹ ሳይመለስ፣ ሽንቱን ይዞ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ከነርሷ ጋር ስለ ዘይት ዋጋ እያወራ ይለካል። ማውራት ብቻውን ቁጥሩን ወደ 10 ሊያወጣው ይችላል። ጫት፣ ቡና ወይም ሲጋራ ከቀደመ ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው፤ ጫት ለሰዓታት ግፊትንም የልብ ምትንም ያወጣል።

በትክክል የሚለካው እንዲህ ነው፦ ሽንት ቤት ደርሰው፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ጀርባ ተደግፎ፣ ሁለት እግር መሬት ነክቶ፣ ክንድ ባዶ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል። ከዚያ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ። ጤና ተቋም ውስጥ 140 በ90፣ ቤት ውስጥ 135 በ85 ነው ድንበሩ። ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ እየለኩ ደብተር ላይ ይጻፉ፣ የመጀመሪያውን ቀን ይሰርዙት፣ የቀረውን ይዘው ይምጡ። የእህትዎን ልጅ መለኪያም ይዘው ይምጡ፤ ከኛው ጋር አስተያይተን እናየዋለን። ደብተሩ ላይ ከድንበሩ በታች ከሆነ ዕድሜ ልክ ኪኒን አላስጀምርዎትም፤ ጨው ይቀንሳሉ፣ በየጊዜው ይለካሉ።

ጥያቄ፦ «አሰላሙ ዓለይኩም ዶክተር። የባቲ ሰው ነኝ፣ 61 ዓመቴ። ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ፣ ሁለቱንም ጠዋትና ማታ እወስዳለሁ። ባለፈው ረመዳን ሰኞ ገበያ ላይ ላብ አጥለቀለቀኝ፣ ተንቀጥቅጬ ወደቅሁ። ጎረቤቴ ሁዳዴ ትጾማለች፣ እሷ ኢንሱሊን ትወጋለች። ፍሪጅ የለንም። ለሁለታችንም ቢመልሱልን።»

መልስ፦ ወዓለይኩም ሰላም አባቴ። በ2018 ዓ.ም. የካቲት ላይ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ስለገቡ እንደናንተ ያሉ ጎረቤታሞች አብረው የሚመጡበት ጊዜ ሆኖ ነበር፤ ጥያቄውን ለሁለት አድርገው መጻፍዎ የወሎ ሰው ነገር ነው።

የጣለዎት ስኳር ማነስ ነው፤ ተጠርጣሪው ግሊበንክላማይድ ነው። ቢበሉም ባይበሉም ቆሽትን ኢንሱሊን አውጪ እያለ ሲገፋ ይውላል፣ ጉልበቱም ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ ኩላሊት ደከም ያለበት ሰው ላይ ይብሳል። ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ስለዚህ ከጾሙ አንድ ሁለት ወር ቀድመው ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱ። ግሊበንክላማይዱን በተሻለ መተካት ይቻል እንደሆነ፣ ካልተቻለም የኢፍጣሩን ዶዝ እንዳለ ይዘው የሱሁሩን ወደ ግማሽ ማውረድ ይሻል እንደሆነ ይወስንልዎታል። ሜትፎርሚኑ ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ይዛወራል። ሱሁርን አያስቀሩ፣ እስከሚቻለው ወደ ንጋት ይግፉት። የማሽላ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ በሆድ ይቆያል፤ ሻይ በስኳር ጠጥቶ መተኛት ግን ረፋዱን አያሻግርም። ለማፍጠሪያ አንድ ሁለት ተምር ይበቃል።

ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም የሚሉ ዑለማ ብዙ ናቸው፤ ልብዎ እንዲያርፍ ኢማምዎን ይጠይቁ። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካነበቡ፣ ወይም መለኪያ ባይኖርዎትም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብዥታ ከመጣ፣ መግሪብ 10 ደቂቃ ቢቀረውም ያፍርሱ። ስኳሩ ካነሰ ወይም እነዚህ ምልክቶች ከመጡ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ከ300 በላይ ካነበቡ ግን ስኳር አይንኩ። ቁርኣኑ ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ አብሽሩ። የገበያውን ቀን ደግሞ ፀሐይ ሳይበረታ ይጨርሱት።

ለጎረቤትዎ፦ ደፍራሹም ይሁን ጥርት ያለው፣ የጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ መዋል አደገኛ ነው። ጾም ከመጀመሯ በፊት መጠኑና ሰዓቱ ይስተካከልላት፤ የንስሐ አባቷንም ታማክር፣ በሽተኛን የሚያስገድድ ቄስ አላጋጠመኝም። የምትጠቀምበት ብልቃጥ ከጥላ ሥር፣ ሙቀት ካልበዛበት፣ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የባቲ ሙቀት ግን ይህን አይፈቅድም። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጣ መሀሉን በአሸዋ ትሙላው፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ታጠጣው፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ ትንሹ ውስጥ ታድርግና በእርጥብ ጨርቅ ትሸፍነው። ጥላና ነፋስ ያለበት ጥግ ይሁን። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ይጣላል፤ ጥርት ያለው ከደፈረሰ ወይም ደፍራሹ ተወዝውዞ ጓል ከሠራም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ «ከኩታበር ነው። ሁለት እግሬ አልታዘዝ ብሏል፣ ልቤ ቶሎ ይደክማል። ሦስት ጊዜ ግሉኮስ ተሰቅሎልኝ ለሁለት ቀን ደህና ሆኜ ተመለሰብኝ። የወር አበባዬ ይበዛል። አራተኛውን ላስጨምር?»

መልስ፦ አይ እህቴ፣ ብሩን አስቀምጪው። አንድ ሊትር 5 በመቶ ግሉኮስ ውስጥ ያለው 50 ግራም ስኳር ነው፣ አሥር አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ። 200 ካሎሪ እንኳ አይሞላም፤ ከእንጀራሽ ያነሰ ነው። ደህና ያደረገሽ ምናልባት ተጋድመሽ ማረፍሽ ይሆናል።

በደብዳቤሽ የመጨረሻ መስመር ላይ የጻፍሽው የወር አበባ ነው ዋናው ነገር። ደም ማነስ ይመስለኛል። ሄሞግሎቢንሽን ተለኪ፣ እርግዝና አለመሆኑን አረጋግጪ፣ ለምን እንደሚበዛ ይታይልሽ፤ ማህፀን ውስጥ እጢ ሊኖር ይችላል፣ የእንቅርት ችግርም ሊሆን ይችላል። ቆላ ወርደሽ በባዶ እግር ከሠራሽ የሆድ ትል ምርመራም ይጨመር። አይረን ከታዘዘልሽ ከቡና ጋር አታገናኚው። ኩታበር ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ መሀል ላይ ኪኒን ከተዋጠ የሚቀረው ትንሽ ነው። ከቡናው 1 ሰዓት ቀድመሽ ወይም 2 ሰዓት ቆይተሽ፣ ከተገኘ በሎሚ ውሃ ዋጪው። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። ደምሽ ከሞላ በኋላም ለ3 ወር ያህል ቀጥዪ፤ ሰዎች ኪኒኑን የሚጥሉት ደህና በሆኑ ማግስት ነው፣ ከዚያ በሁለት ወሩ ተመልሰው ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ «ከሐይቅ፣ አያት ነኝ። የልጅ ልጄ 2 ዓመቱ ነው፣ ያስለዋል። እንጥሉ ወርዷል፣ አዋቂ ዘንድ ይቆረጥ ይሉኛል። እናቱ እምቢ አለች።»

መልስ፦ እማማ፣ እናቱ ልክ ናት። እንጥል ሳል አያመጣም፤ የሚቆርጠው ምላጭ ግን ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ ቴታነስ ያመጣል፣ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ኤችአይቪም ሄፓታይተስም ያሻግራል። ይልቅ ልጁ ሲተኛ ወይም ዝም ሲል ልብሱን ገልጠው ደረቱን ይዩ፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ በሰዓት ይዘው ትንፋሹን ይቁጠሩ። በእሱ ዕድሜ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም መጠጣት እምቢ ካለ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። ከዚህ አንዱም ከሌለ ለብ ያለ ነገር ያጠጡት፣ ዕድሜው ከ1 ዓመት ስላለፈ ማር በማንኪያ ይስጡት፣ ሌሊት ጉንፋኑ አፍንጫውን ሲዘጋው በጨው ውሃ ይጥረጉለት፤ ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ ይዘውት ይምጡ።